የማክሰኞ መስመር

እስክሪብቶው በክር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። አልያዝኩትም። ከቅጹ ግርጌ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ ለሁለተኛ ጊዜ አነባለሁ። «ከላይ የተዘረዘሩትን በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ነክቼ ማረጋገጤን በፊርማዬ እገልጻለሁ።» ከእሷ ቀጥሎ ስም አለ። የትምወርቅ። የእኔ ስም ነው፤ በእኔ እጅ የተጻፈ።

እኔ ደግሞ የማሽን ቤቱ ጠራጊ ነኝ።

መፈልፈያው ማሽን ከጀርባዬ ጸጥ ብሎ ቆሟል። አስር ሰዓት ሊሆን ነው። የሾፌሩ የኸድሩ አይሱዙ ከኢዲዶ ቀበሌ እሸት ቡና ጭኖ ተነስቷል፤ እንደደረሰ ሞተሩ ይነሳል። ከዚያ በፊት ቅጹ መሞላት አለበት። ሥራው የመካኒኩ የሽመክት ነው። ለቀማው ሲጀመር ግን የጎልማሶች ትምህርት መግባቴን ሰማና ሳቀ። «እትዬ የትም፣ ደብተር ምን ያስጨርስሻል? እዚህ ላይ ተለማመጂ!»

«ተፈትሿል» ብሎ አንድ ጊዜ ጻፈልኝ። እኔ ገለበጥኩት። በቀን አምስት ሳጥን፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ። መጀመሪያ ሿ አስቸግራኝ ነበር፤ እያደር እጄ ለመዳት። መምህርት ቆንጅት እንኳ «ማነው ቤት የሚያስጠናሽ?» ብላ ተገርማለች። ከሳጥኖቹ ራስጌ ያለው ጽሑፍ ጥቃቅን ስለሆነ ዓይኔ ይዘለው ነበር።

ዛሬ አልዘለልኩትም። ሦስተኛው ሳጥን «የቺንጋ መሸፈኛ፤ አራት ብሎን» ይላል።

ዞር እላለሁ። ቺንጋው ከሞተሩ ወደ ማሽኑ የተዘረጋው ወፍራም ጎማ ነው፤ ሲዞር ዓይን አይከተለውም። መሸፈኛ ቆርቆሮውን ጎንበስ ብዬ እቆጥራለሁ። አንድ ብሎን። አንዱ ቦታ በሽቦ ታስሯል። ሁለቱ ባዶ ቀዳዳ ናቸው። በጣቴ ገፋ ሳደርገው እንደ ላላ በር ይከፈታል።

በዚህ በኩል የምትቆመው ልጄ ናት።

«እማዬ፣ ምን ፈልገሽ ነው እዚያ የገባሽው?» ሩሃማ ቦቲዋን አድርጋ፣ ልጣጭ ሲደፍን የምትገፋበትን ዱላ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አረንጓዴ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማለች። አንደኛው ጫፉ ተቦጭቋል። ትናንት ስጠይቃት የቡና ቅርንጫፍ ያዘው ብላኛለች።

«ዛሬ እዚህ አትቆሚም» እላታለሁ።

«ጀመራት ደግሞ! ትናንት ጫማዬ፣ ከትናንት ወዲያ ሳሌ። እማዬ፣ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ በናትሽ።»

የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ሽመክት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይገባል። «እትዬ የትም፣ ሞላሽ? ላስነሳው።»

«አታስነሳ። ሦስት ብሎን የለውም።»

ቆርቆሮውን ሳያይ ይስቃል። «ሦስት ሳምንት ፈርመሽ ዛሬ ኢንጂነር ሆንሽ? ሲሠራ ከርሞ የለም እንዴ?»

«ቅጹ አራት ነው የሚለው።»

«ቅጹ ብዙ ይላል። ኸድሩ በር ላይ ነው፤ እሸቱ ዛሬ ካልተፈለፈለ ነገ ቦክቶ ነው የምናገኘው። ደሞ ሥራ አስኪያጁ ለምን ቆመ ብሎ ቅጹን ቢጠይቅ…» ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «የማን ስም ነው ያለው? የእኔ?»

ሩሃማ እኔን ታያለች። እሷም እኔም የምንበላው ከዚህ ግቢ ነው።

«የእኔ ነው» እላለሁ።

እስክሪብቶውን እይዛለሁ። የዛሬው መስመር ባዶ ነው። ይህን ቃል ማንም ጽፎልኝ አያውቅም፤ የምገለብጠው የለኝም። አ። ል። ኸድሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ይነፋል። ተ። ፈ። ተ ላይ ቀለሙ ይፈሳል። ሸ። ም። ቃሉ ከሳጥኑ አልፎ የጎረቤቱ ውስጥ ገብቷል። ስሜን ከሥሩ እጽፋለሁ።

«አልተፈተሸም» ብሎ ሽመክት ያነበዋል። አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን ያያል። ይህ ተጽፎ ሳለ ሞተሩን ቢያስነሳ ጥፋቱ የእሱ እንደሚሆን ያውቃል። «ትምህርት ለዚህ ነው የገባሽው?» ይልና የብሎን ጣሳውን ከመደርደሪያው ስር በእግሩ ጎትቶ ያወጣል። እያጉረመረመ ይንበረከካል። ሽቦውን ይቆርጣል። መሸፈኛውን ያነሳል።

ማጉረምረሙ ይቆማል።

እጁን ወደ ውስጥ ይሰድና ቺንጋው ከሚዞርበት ብረት ላይ የተጠመጠመ ነገር ይፈታል። ይስባል፤ አያልቅም። ግራሶ የጠጣ አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ክንድ ያህል ይሆናል።

ሩሃማ የሻርፗን ጫፍ በመዳፏ ጨብጣ ትደብቃለች።

«መቼ ነው?» የምትለው ድምፅ የእኔ አትመስለኝም።

«ማክሰኞ…» ትላለች ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ። «ሳብ አደረገኝና ተቀደደ። ሌላ ምንም አልሆንኩም። ብነግርሽ ሥራዬን ታስተዪኛለሽ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

ሽመክት ጨርቁን ይዞ እንደተንበረከከ ቀርቷል። ውጭ ኸድሩ የመኪናውን ሞተር ያጠፋል።

ዓይኔ ወደ ቅጹ ይመለሳል። የማክሰኞን መስመር አገኘዋለሁ። አምስት ሳጥን፣ አምስት ተፈትሿል፤ አንዷም ከመስመር አልወጣችም። ከሳምንቱ ሁሉ የማክሰኞዋ ሿ ታምራለች።