አሥራ አራት ከሃያ

ዳንቢ ጣሳ ቡናውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ጎንበስ ብላ እጅ ስትነሳ፣ ቦክሂ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል ጣሳውን በአንድ ጣቷ ወደ ልጅቷ መልሳ ገፋችው።

«ይዘሽው ሂጂ። ስጦታ የሚከለክለው ሕግ ከወጣ ወዲህ ለፕሮፌሰር ውሃ እንኳ ማቅመስ አይቻልም።»

«ለፕሮፌሰር አይደለም፤ ለእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«ለእኔማ ጭራሽ! ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን ቢሮ በጣሳ ቡና ልታስለቅቂኝ ነው?»

ልጅቷ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ቦክሂ ያን ጊዜ ቀና አለች።

የውጤት ቅሬታ ሳምንት የመጨረሻው ቀን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ ሲስተሙ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚከፍተው የለም። አሁን አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። በኮሪያው ዩኒቨርሲቲ የፈረንሳይኛ ትምህርት ክፍል ጸሐፊዋ ቦክሂ በዚህ ሳምንት የሚያለቅሱትንም፣ የሚቆጡትንም፣ እናታቸውን በስልክ የሚያስቀርቡትንም ሰምታ አሳልፋለች። ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የምትለምነው አንድ ነገር ነው፦ ጆሮ ስጠኝ።

«ተቀመጪ» አለቻት።

«ይጨመርልኝ ብዬ አይደለም የመጣሁት» አለች ዳንቢ። «ምን እንደጎደለኝ ብቻ ፕሮፌሰር ቢነግሩኝ ብዬ ነው። ሰባ ነው የሰጡኝ። ሲ። በዚች ሲ የተነሳ አማካዬ ወርዶ ለመምህርነት ከሚሠለጥኑት ዝርዝር ልወጣ ነው። እናቴ ደግሞ ዋንዶ ደሴት ላይ፣ አብረዋት የባሕር ቅጠል ለሚያሰጡት ሴቶች ሁሉ ‹ልጄ አስተማሪ ልትሆን ነው› ብላ ጨርሳለች።»

እጇ ላይ የጥናት ጽሑፏ አለ። የላይኛውን ጥግ በአውራ ጣቷ ጥብቅ አድርጋ ሸፍናዋለች፤ ቁስል የያዘች ነው የምትመስለው።

ቦክሂ ወረቀቱን ልጅቷ እንደያዘችው ጎንበስ ብላ አየችው። ፈረንሳይኛ ያስተማራት የለም። ሃያ ሁለት ዓመት በግድግዳ በኩል ስትሰማው፣ ማታ ማታ መዝገበ ቃላት ስታገላብጥ፣ ቀስ በቀስ ማንበብ ቻለች። ኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ለራሴ ደስታ ስል።» መጨረሻው ላይ ደግሞ፦ «እንዲህ ያለ ጽሑፍ ካየሁ ዓመታት አልፈዋል።»

«ጣትሽን አንሺው እስቲ።»

ዳንቢ እያቅማማች አነሳች። አሥራ አራት።

ቦክሂ ቁጥሩን አወቀችው። ከሁለት ሳምንት በፊት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሞርቫን ከሃያ አርመው በእጃቸው የጻፉትን የውጤት ዝርዝር ሰጥተዋት ነበር፦ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት... ቅጹ የሚቀበለው ከመቶ ነው። እሷም ‹ምን ዓይነት ጨካኝ ሰውዬ ነው› እያለች ሁሉንም በአምስት አባዝታ ሞላችው፤ እሳቸውም ሳያዩ ፈረሙ። ከዘጠኙ ተማሪዎች ሦስቱ ወደቁ። ‹ይህ ቁጥር በእርስዎ አገር ምን ማለት ነው?› ብላ አልጠየቀችም። ጸሐፊ ፕሮፌሰርን እንዲያ አትጠይቅም።

ተነስታ የጎን በሩን አንኳኳች። ፕሮፌሰር ሞርቫን ሚስታቸው የሠራችላቸውን ሻርፕ ጠምጥመው ሊወጡ ሲሉ ደረሰችባቸው።

«ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዬም ዳንቢ ጎበዝ ናት?»

«ጎበዝ?» አሉ፣ በዚያ ከሚስታቸው በተማሩት በተሰባበረ ኮሪያኛ። «አሥራ አራት እኮ ነው የሰጠኋት፣ ወይዘሮ ቦክሂ! በሠላሳ ዓመት አሥራ አራት የሰጠኋቸውን በጣቶቼ ቆጥሬ እጨርሳቸዋለሁ። አገሬ ቢሆን ዛሬ ቤቷ ድግስ ነበር።»

«እዚህ ለቅሶ ነው፣ ፕሮፌሰር።»

ፕሮፌሰሩ ወደ እሷ ዞሩ።

«በአምስት ያባዛሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሳልጠይቅዎ።»

እንደቆሙ ስክሪኑን ከፈቱ። ሰባውን አዩ፤ አጠገቡ ያለችውንም «ሲ» አዩ። ሻርፑን ፈትተው ተቀመጡ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰደበኝ ብላ ነው የከረመችው?»

«ምን ጎደለኝ ብላ ነው የከረመችው።»

የዘጠኙንም ተማሪዎች ውጤት አንድ በአንድ ማስተካከል ጀመሩ። የወደቁት ተነሱ። ዳንቢ ላይ ሲደርሱ ግን የፕሮፌሰሩ እጅ ቆመ።

«ለእንዲህ ያለ ሥራ እዚህ ስንት ይሰጣል?»

«ዘጠና አምስት።»

«ዘጠና አምስት! ታዲያ ነገ ከእሷ የሚበልጥ ቢመጣ ለእሱ ምን ይተርፈዋል?»

«ያኔ እሱ ራሱ ይጨነቅበት፣ ፕሮፌሰር። ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ነው።»

ከት ብለው ሳቁ። ዘጠኝን ጻፉ። አምስትን ሲነኩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቦክሂ ስትመለስ ዳንቢ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ የአዲሱ ውጤት መልእክት ቀድሟት ደርሷል። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለቻትና ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ልጅቷ አልተቆጣችም። ወረቀቱን ዘርግታ ትኩር ብላ አየችው።

«እንግዲያው፣ እትዬ... በእሳቸው አገር ይህች ጥሩ ናት?»

«ድግስ ናት፣ አሉ።»

ዳንቢ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ጫፉ አልረጋ ሲላት ያን ጣሳ ቡና አሳረፈችበት፤ ቦክሂም በዚህ ጊዜ አልገፋችውም። ከዚያ ለእናቷ የምትልከውን ፎቶ አነሳች። ቦክሂ ዘጠና አምስቱን ነው የምታነሳው ብላ ነበር፤ ስልኩ ግን ወደ ወረቀቱ ነው ያጎነበሰው። ቀይዋ አሥራ አራት ጥጓ ላይ ናት። ጣት የለባትም።