«ባዶ» የተባለው ሲሊንደር

የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ሲስተር ብርነሽ ሥራ አስኪያጁን አቶ ደምመላሽን አታምናቸውም። ለእሳቸው ኦክስጅን ንብረት ነው፤ ሥራ የፈታ ሙሉ ሲሊንደር ካዩ ወዲያው ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሩታል። ስለዚህ አንዱን ለክፉ ቀን ብላ ዕቃ ክፍል ደበቀችው፤ እንዳይነኩባትም «ባዶ» የሚል ወረቀት ለጠፈችበት።

ዛሬ ከሰዓት ለአንዲት ሕፃን የተሰካው ኦክስጅን ድንገት አለቀ። የልጅቷ ከንፈር እየጠቆረ ሄደ። እናቲቱ «ኧረ ልጄን!» ስትል ብርነሽ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሮጠች።

ሲሊንደሩ የለም።

አቶ ደምመላሽ በሩ ላይ ቆመው ፈገግ አሉ።

«ባዶው ቶሎ አይነሳልንም ስትሉ አልነበር፣ ሲስተር? ይኸው፣ ባዶ የተባለውን ሁሉ ጠዋት አስጭኜ ላክሁት። ነገ ተሞልቶ ይመጣል።»