ክላሰን እና ሌሎች

«ፕሮፌሰር፣ ኧረ አይለፉኝ!»

ታጋርት በአንድ እጁ ቢራ፣ በሌላው ስቲኪኒ የተሰካበት አይብ ይዞ ይቆማል። የአንድ ጥናት ፖስተር ርዕስ ከሩቅ አይቶ በሌላ በኩል ሊዞር ነበር። ከፖስተሩ ሥር የቆመችው ወጣት ግን ቀድማ አይታዋለች። አሁን እየሳቀች እጇን ትዘረጋለች፣ እሱም አይቡን ቶሎ አፉ ውስጥ ከትቶ ይጨብጣታል።

«ማይቴ እባላለሁ፣ ከሞንትሪያል። በእርስዎ መጽሐፍ ነው የተማርኩት።»

የቶሮንቶው የሳይንስ ጉባኤ አዳራሽ በፖስተር ተሞልቷል፤ ወጣት ተመራማሪዎች በየፖስተራቸው ሥር ቆመው ላለፈ ላገደመው ሁሉ ያስረዳሉ። ታጋርት እዚህ ቤተኛ ነው። ሠላሳ ዓመት የደም ግንድ ሕዋስን ሲያጠና ኖሯል። ሰዎች መጀመሪያ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ስም ያነባሉ፣ ከዚያ ደንገጥ ብለው ቀና ይሉና ፊቱን ያያሉ። ይህቺን ነገር ይወዳታል። ጠዋት ጠዋትም ፊቱን ሳይታጠብ፣ ጽሑፎቹን ስንት ሰው እንደጠቀሳቸው ስልኩ ላይ የሚያይ ሰው ነው።

ማይቴ ታስረዳለች። መቅኔ ውስጥ ተኝቶ የሚኖረው ሕዋስ ምን ሲነካው ነቅቶ ደም መሥራት እንደሚጀምር ደርሳበታለች። ታጋርት አዲስ ነገር እንደሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ሥራውን ግን ያውቀዋል፤ መጽሔቱ እንዲገመግመው የላከው ለእሱ ነበር። የገምጋሚ ስም ደግሞ ለጸሐፊው አይነገርም።

«ግሩም ሥራ ነው» ይላል።

«ግሩም ነበር፣ የቦስተን ተመራማሪዎች ቀድመውን ባያሳትሙት። ገምጋሚው ነው ጉድ የሠራን። የአይጦቹን ሙከራ ከሀ ጀምራችሁ ድገሙት አለን፤ ዓመት በላብን። እሱ ሳያንሰው እነዚህን ካልጠቀሳችሁ አላሳልፍም አለ። ዓይን አውጣ! የራሱን ጽሑፎች እኮ ነው!»

ከፖስተሩ ግርጌ ደቃቅ ፊደል የተደረደረበትን ቦታ በጣቷ ታሳየዋለች። ሦስት ጽሑፎች፣ ሦስቱም «ክላሰን እና ሌሎች» ይላሉ። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ከጸሐፊዎቹ የሚጻፈው የመጀመሪያው ስም ብቻ ነው።

«እውነቱን ልንገርዎት? ከርዕሳቸው በቀር አላነበብኳቸውም። በንዴት ነው የለጠፍኳቸው።»

ታጋርት ቢራውን ይጎነጫል። ጽሑፎቹ ሲወጡ ክላሰን የእሱ ተማሪ ነበር። በሦስቱም ላይ መጨረሻ የተጻፈው ስም የራሱ የታጋርት ነው።

«የሚያስቀው ደግሞ» ትላለች ማይቴ፣ «ይኸው ክላሰን ዊኒፔግ ነይ ብሎኛል። ሥራ፣ የራሴ ቡድን፣ ሁሉንም። ነገ መልስ ይጠብቃል።»

«እና?»

«እምቢ ነዋ! መጀመሪያ ገደል ከቶኝ፣ አሁን ገመድ ይወረውርልኛል? ሞቼ ነው ከሱ ሥር የምገባው። ለአንድ ኩባንያ ማይክሮስኮፕ እሸጣለሁ። ላብራቶሪ በቃኝ።»

«ሌላ ቦታ አልሞከርሽም?»

«ያልሞከርኩት የለም።» ፈገግታዋ ይጠፋል። «ሌላ ማንም አልፈለገኝም።»

ክላሰን አይጥ ሲገድል እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ታጋርት ይህን ያውቃል። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ቢራውን ጨርሶ እራት ይሄዳል፣ ልጅቷም ማይክሮስኮፕ ትሸጣለች።

«እስቲ አስቢበት» ይላል። «ክላሰን መልካም ሰው ነው።»

«እርስዎ መልካም ስለሆኑ ሁሉም መልካም ይመስልዎታል።»

ከምር ነው ያለችው። ታጋርት እስከ ጆሮው ድረስ ይቀላል። በስድብ ብታጥበው ይሻለው ነበር።

«እሱ አይደለም» ይላል።

«ምኑ?»

«ገምጋሚው። ክላሰን አይደለም።»

«በምን አወቁ?»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ ሰው ነግሮኝ፣ አንድ ወዳጄ መጽሔቱ ጋ ስላለ። በዚህ ዕድሜው ውሸት እንዲህ ቶሎ የሚመጣለት መሆኑ ያሳፍረዋል። ውሸቱን ይተወዋል። ዓይኑ ሳያዘው ወደ ፖስተሩ ግርጌ ይወርዳል።

ማይቴ ዓይኑን ተከትላ ዝቅ ትላለች። ጣቷን «እና ሌሎች» የሚለው ላይ አድርጋ ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ትፈልጋለች፣ የጸሐፊዎቹንም ስም አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው ታነባለች። ታጋርት ያነበበችውን ሁሉ ከከንፈሯ ላይ ያያል። ይቅርታ ማለት ይፈልጋል።

ማይቴ ስልኳን ኪሷ ትከታለች። ቀስ ብላ ቀና ትልና ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ስም ታነበዋለች። ዓይኗ እዚያው ስሙ ላይ ይቀራል፤ ወደ ፊቱ አታይም።