ከማጣሪያው በላይ

የደጋው ወንዝ ናይትሮጅን በማጣሪያ እየተለየ ለቆላ እርሻ ማዳበሪያነት መላክ ከጀመረ ወዲህ ውሃው ሽታ የለውም፤ ድንጋዮቹም አልጌ ስለማይዙ አያንሸራትቱም። ከውሃ ምርመራ ሥራዬ ስመለስ እናቴ የናሙና ጠርሙሴን ከፍታ ታሸታለች።

«ይሄ ምኑ ወንዝ ነው?» ትለኛለች።

ዛሬ ግን ከማጣሪያው በላይ፣ የኮሶ ቅጠል ከበሰበሰበት ቀዳሁ። ከዚያ መቅዳት የሚፈቀደው በዓመት አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ ላቦራቶሪው ነገ ይጠብቀዋል።

እናቴ ጠርሙሱን ከፍታ ደጋግማ አሸተተች። ከዚያ የሟች አባቴን ጋቢ ከሣጥን አውጥታ ሳፋ ላይ ዘረጋች።

«ወንዝ አጥቤለት ሲለብሰው እንዲህ ነበር የሚሸተው።»

«እማዬ፣ ውሃው እኮ የመሥሪያ ቤት ነው!»

«ታዲያ መች ነካሁት?»

አልነካችውም። ጠርሙሱን አንስቼ ራሴ አፈሰስኩት፤ የጋቢውን ጠርዝ ብቻ አራሰ። ፊቷን እዚያ ላይ ቀበረች።

«ነገ ምን ልትያቸው ነው?»

«ተደፋብኝ እላለሁ» አልኳትና፣ አጠገቧ ተቀምጬ እኔም አሸተትኩ።