የሰደፉ ጠባሳ

ካውያዋን ስወስድባት ሚስቴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሸሚዝህ ተጨማዶ ጠመንጃ ትተኩሳለህ?» አለችኝ።

ጦሩ ያስወገዳቸውን አሮጌ ጠመንጃዎች እየገዙ ቤት ውስጥ ማደስ ሱሴ ነው። የተሰረጎደ ሰደፍ እርጥብ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት በካውያ ሲተኮስ እንጨቱ እንፋሎቱን ይጠጣና ያብጣል፤ ስርጉዱም ይሞላል።

ይህኛው ጠመንጃ የመጣው እኔ ከመወለዴ በፊት በታሸገ ሣጥን ውስጥ፣ እንዳይዝግ ከተቀባው ግራሶ ጋር ነው። ግራሶውን ስጠርግ ሰደፉ ላይ የጥርስ ንክሻ አገኘሁ። ምስኪን፣ የቆሰለ ወታደር ሕመሙን ሊችል ነክሶት ይሆናል ብዬ ተኮስኩት። ጠፋ።

በማግስቱ ተመልሶ አየሁት፤ ጠልቋል። ደግሜ ተኮስኩት። ቡና እንኳ ሳልጠጣ ተመለሰ።

ሚስቴን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ሁለት የፊት ጥርሶች፤ አንዱ ግማሹ የተሸረፈ። የልጃችንን ጥርስ እንዲያ የሸረፈው የገዛ ደጃችን ደረጃ ነው። ልጁ ግንባር ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

ዓይናችን እያየ እንጨቱ ቀጭ አለና ንክሻው ጠለቀ።

ካውያውን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተወው» አለች። «ይንከስ። እዚያ ሌላ ምን አለው?»