የግራው እጅጌ

ፌንጣ ወደ ልብስ ስፌት ቤቱ የገባችው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ የለም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መሬት ላይ አላርፍ ስላለች ሰፈሩ ሁሉ ፌንጣ ይላታል። አመድማ ጨርቅ ታቅፋ ነበር።

«እትዬ፣ ጋሼ ልከውኝ ነው» አለች።

ጋሼ የምትለው የልብስ ሰፊዋን ባል ነው። በወጣቶች ማዕከል ልጆቹ ውዝዋዜ ሲለማመዱ ከበሮ ይመታል።

«ምን ላድርግልሽ?»

«ለፈተናው የምለብሰው ነው። ሰፋ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ፊት ለፊት ሁለት ኪስ ያለው።»

«ለውዝዋዜ ኪስ ምን ይሠራል?»

ልጅቷ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ የጀመረችውን ክር በግራ ጥርሷ በጠሰች፣ የተንሸራተተ መነጽሯን በእጇ አንጓ ገፋ አደረገችና ልትለካት ተነሣች። ልኬቱ እስኪያልቅ ፌንጣ ዓይኗን አልነቀለችባትም። ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት። ልብስ ሰፊዋ ይህን አስተያየት ታውቀዋለች። አንዲት ሴት የሌላዋን ቤት ልትወርስ ስታስብ እንዲህ ነው የምታየው።

ፈተናው ቀላል ነገር አልነበረም። አንድ ድርጅት ከሃያ ሁለት ዓመት በታች ለሆነ አንድ ተወዛዋዥ የሁለት ዓመት ትምህርት ከነመኖሪያው ሊሸፍን ነው። ከሌላ የተቀዳ ነገር አይቀበልም፤ ማንም አይቶት የማያውቅ የራስ ሥራ መሆን አለበት። ፌንጣ በሚቀጥለው ወር ሃያ ሁለት ይሞላታል። ይኼ ካመለጣት የአክስቷ ልብስ ማጠቢያ ቤት ገብታ አንሶላ ስትጨምቅ መኖሯ ነው።

ባልየው ይህን ሁሉ ምሳ ላይ ሲያወራ ጉርሻው እጁ ላይ ይቀዘቅዝ ነበር።

«እግዜር ለዚች ልጅ እግር ሲሰጣት አጥንቱን ረስቶታል!»

«ለመሆኑ የምትሠራው ምንድን ነው?»

«እሱማ ምስጢር ነው፣ የኔ እመቤት።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው ምስጢር ሲላት የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ተለወጠ። ድሮ እሷ ስትሰፋ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋ ነበር። አሁን ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ጣቶቹ ጉልበቱን ይደበድባሉ፤ ማሽኑ ሲቆም እነሱም ይቆማሉ። ልቡ ሌላ ቦታ ነው፣ ትላለች በሆዷ።

አንድ ቀን ደግሞ መርፌ ስትገፋ ጣቷ ላይ የምታጠልቃት የብረት ቆብ ጠፋች። ጠርዟ የጎደለ፣ ሌባ እንኳ የሚጸየፋት ነገር ናት። ባሏም ጎንበስ ብሎ አብሯት ፈለገ። ከማሽኑ ሥር ሆኖ ጠየቃት፦

«ያንን የቀኝ ጥርስሽን ካስነቀልሽው ስንት ዓመት ሆነው?»

«ምነው? እርጅናዬን ልትቆጥርልኝ ነው?»

አጠገቧ ቁልፍና ዚፕ የምትሸጠው ጎረቤቷ ደግሞ አፏ ቁልፍ አያውቅም።

«እኔ ምን አገባኝ እቴ» አለች፣ «ሌሎቹ ልጆች ወደየቤታቸው ሲሄዱ ባልሽና ፌንጣ በር ዘግተው ይቀራሉ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ!»

ሐሙስ ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ ወደ ማዕከሉ ሄደች። እውነትም በሩ ተዘግቷል። ጆሮዋን ወደ በሩ ደቀነች።

«እንደሱ አይደለም!» ይላል የገዛ ባሏ። «ስትናደድ አትጮህም። ትከሻዋን ጣል ታደርግና ዝም! ሰው የሚያስፈራው እሱ ነው።»

ፌንጣ ከት ብላ ሳቀች። «እንዴት ቻሉት ጋሼ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት! እስቲ አንቺ ፍረጂኝ።»

ልብስ ሰፊዋ በሩን አላንኳኳችም። ማልቀስም አላለቀሰችም። ቤቷ ተመልሳ ትከሻዋን ጣል አድርጋ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች።

አመድማውን ልብስ አሳምራ ሰፋችው። ኪሶቹን ሳይቀር ሁለት ጊዜ ደርባ ሰፋቻቸው። የግራውን ብብት ግን ማሽን አላስነካችውም፤ ለልኬት ብቻ እንደሚደረገው በሳሳ የእጅ ስፌት አያያዘችው። ክንድ ወደ ታች እስካለ ድረስ ይይዛል። ከራስ በላይ ሲነሣ ከብብት እስከ ወገብ ይተረተራል፤ በዳኞቹ ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት። ክንዷን የማታነሣ ተወዛዋዥ ደግሞ የለችም።

ፌንጣ ልብሱን ልትወስድ ስትመጣ ገና ሳትለካው ደረቷ ላይ ለጥፋ ተሽከረከረች።

«እትዬ፣ ይመጣሉ አይደል? ጋሼ የፊት ወንበር ይዘውልዎታል።»

«እመጣለሁ።»

«ይማሉልኝ!»

«አልቀርም አልኩሽ እኮ።»

አልቀረችም። በፈተናው ዕለት ጥቁሩን ቀሚሷን ለብሳ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ባሏ ከበሮውን ታቅፎ ከመድረኩ ጥግ ጠቀሳት። «አፈር ብላ» አለች በሆዷ።

ፌንጣ ስምንተኛ ተጠራች። አመድማውን ለብሳ ወጣች እንጂ እንደለመደችው አልዘለለችም። በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ከኪሷ ጠርዟ የጎደለ የብረት ቆብ አወጣችና ጣቷ ላይ አጠለቀች። ባልየው በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ከበሮውን መታ፤ የሚሰማው የልብስ ስፌት ማሽን ነበር። ልጅቷ የሌለ መነጽር በእጇ አንጓ ገፋ አደረገች። ትከሻዋን ጣል አደረገችና ዝም አለች፤ አዳራሹም አብሯት ዝም አለ። ከዚያ የሌለ ክር ስባ ወደ አፏ ወሰደች፤ በግራ ጥርሷ በጠሰችው።

ቀጥላም የግራ ክንዷን ቀስ ብላ ወደ ላይ ማንሣት ጀመረች።