ያልተፈረመበት ምላጭ

ቴስ ካፖርቷን እስከ አፍንጫዋ ዘግታ የአእምሮ ሕሙማን ዋርዱ በር ላይ ቆማለች። ክፈቱልኝ፣ ልሂድ ትላለች። በራሷ ፈቃድ የተኛች ስለሆነች፣ ልሂድ ካለች መክፈት ግድ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ነው። ሰኞ ዕለት አንድ እፍኝ ክኒን ውጣ የመጣች ልጅ ናት፤ ዛሬ ሐሙስ ነው።

ነርሷ ሎርና ነገሩ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ቴስ ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ ሴት ሆና የምትኖር ልጅ ናት። ጢሟን የምትላጭበት ምላጭ ስትለምን ሦስት ቀኗ፤ የሰጣት የለም። በዚህ ፊቷ ሰው እንዳያያት ብላ ምግብ አዳራሽ መግባት ትታለች።

ደንቡ፣ ታካሚ ሲላጭ አንድ ሠራተኛ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቅ፣ ጠባቂውም ከታካሚው ጋር ተመሳሳይ ፆታ ያለው ይሁን ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ ቴስ ወንድ ተብላ ነው የተመዘገበችው። ክፍሏ ደግሞ በሴቶቹ በኩል ነው፤ እዚያ መታጠቢያ ቤት ወንድ ሠራተኛ አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተረኛ «ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፍ» ብሎ ጽፎ ቤቱ ሄዷል። ማክሰኞ ሎርናም እንደዚያው ጽፋለች፤ ይኸው አሁን ያንገበግባታል።

ለኃላፊው ለክሬግ ትደውላለች። የሆስፒታሉ ኮሚቴ ሰኞ ያየዋል ይላታል። ስትላጭ እኔ አጠገቧ ቆሜ እጠብቃታለሁ ትለዋለች።

«ሎርና፣ ምላጩን ይዛ አንድ ነገር ብታደርግ ማን ነው የሚጠየቀው?»

«ወጥታ ብትሞትስ?»

ክሬግ «ሰኞ ይታያል አልኩሽ» ብሎ ይደግማል። ለምን እንደሆነ ይገባታል፤ ውጭ ከሞተችማ እሱን የሚጠይቀው የለም። ስልኩን ጆሮው ላይ ትዘጋበታለች።

ቁም ሳጥኑን ከፍታ ምላጩን ታወጣለች። ምላጭ ሲወጣ የሚፈረምበት መዝገብ ላይ «ጠባቂ» በሚለው ቦታ ስሟን በትልቁ ጽፋ ትፈርማለች፤ እጇ ከንዴት ብዛት ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አይቀረው።

«ነይ» ትላታለች ቴስን። «መጀመሪያ ተላጪ። ከዚያ እሄዳለሁ ካልሽ እኔው ራሴ እከፍትልሻለሁ።»

መታጠቢያ ቤት ገብተው ቴስ ፊቷን አረፋ ትቀባለች። ምላጩን ስትይዝ ግን እዚህ የሚሰጣት መድኃኒት እጇን ያንቀጠቅጠዋል። ሁለቴ ሞክራ ሁለቴ ትተወዋለች። በመጨረሻ ምላጩን ለሎርና ትዘረጋላታለች።

«አንቺ ላጪኝ፣ ሲስተር።»

ዐይኗን ጨፍና አገጯን ቀና አድርጋ፣ አንገቷን ትሰጣታለች። ሎርና ምላጩን ተቀብላ፣ ንዴቷ ከጣቶቿ እስኪለቅ ትጠብቃለች።